የአሮጊቷ አድራሻ

በጃፓኗ ኦሳካ ከተማ ፎቆች መሀል ተጣብቆ ወደቀረው ጥንታዊ የሺንቶ መቅደስ አሮጊቷ በየማለዳው በሁለት ባቡር ይመጣሉ። ካፖርታቸው የተጣጣፈ ነው፣ ስኒከራቸው ግን ደማቅ ሮዝ። ሁለቴ ሰግደው ሁለቴ ያጨበጭባሉ። ጸሎቱን ሰምቶ የሚመጣው አምላክ ቤት እንዳይሳሳት አድራሻን መንገር ደንብ ነው፤ ሌላው ሰው በልቡ ይናገራል፣ እሳቸው ይጮኻሉ።

ከኋላቸው የተሰለፈው ዘበኛ ኢሶጋይ ዛሬ አላስቻለውም። የሚጮኹት አድራሻ እሱ የሚጠብቀው ባለአርባ ፎቅ ሕንጻ ነው።

«እማማ፣ እዚያ የነበረው ቤት እኮ ድሮ ፈርሷል!»

«ቀስ በል!» አሉት መቅደሱን ሰረቅ አድርገው እያዩ። «አምላክ መፍረሱን አልሰማም። ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ አሮጊት ከቤቷ አውጥታችሁ የት እንደጣላችኋት እናንተው ትነግሩታላችሁ።»

የኢሶጋይ ተራ ደረሰ። አጨብጭቦ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምላክ የመጣ ቀን እሱ ተረኛ እንዳይሆን።