«እንዳትነኩት»

ሆርዶፋ ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣቦ እንደተቀመጠ፣ አጠገቡ ያለችው ሴት «ኧረ ኦቦ ሆርዶፋ! የሶላሩ!» አለችው። ዶርቃስ ናት። እሱ በመንግሥት ፕሮጀክት ሶላር የተከለላት፣ የደንዲ ገጠር ጤና ኬላ ሠራተኛ።

«አካም ጅርቱ ሲስተር? ወዴት ነው?»

«ወደ ዞን ነዋ። ሶላሩ ሞተብን። ወረዳው ደግሞ ‹በአያያዝ ጉድለት ነው፣ ተነቅሎ ለሌላ ቀበሌ ይሰጥ› አለ። ለቀበሌው ሰው ልለምንላቸው ነው። ጊፍቲ የምትባል ወላድ በሞባይል መብራት አዋለድኩ እኮ! ስልኬ ቢዘጋ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሆርዶፋ አንገቱን ደፋ። ወረዳው ስልክ ደውሎ ሲጠይቀው «አያያዝ አያውቁም» ያለው እሱ ነው፤ ያውም ሄዶ ሳያይ፣ ቢሮው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ።

«መቼም እንደኛ የያዘው የለም» አለች። «‹ሂን ቱቂና፣ እንዳትነኩት› ብለውን አልሄዱም? ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን በእሾህ አጠሩት። የነካ ከእድር ይወጣል ተባለ። የውቂያው ብናኝ ተጋግሮበት አንዱ ጎረምሳ በጋቢዬ ልጥረገው ቢል ሊደበድቡት! እርግቧ እንኳ ኩሷን ስትጥልበት ቆመን ማየት ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሆርዶፋ ግን ነገሩ ገባው። ሶላሩን በተከለ ቀን ዝናብ መጥቶ፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያጣድፈው፣ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ወርውሮላቸው ነበር መኪና ውስጥ የገባው።

«ሲስተር» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዳትነኩት ያልኩት ሽቦውን ነው። መስታወቱማ ይጠረጋል። አቧራ ከሸፈነው ባትሪው አይሞላም።» «አያያዝ አያውቁም ብዬ ለወረዳው የነገርኩትም እኔው ነኝ።»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። አምቦ እስኪደርሱ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዞን ቢሮ አብሯት ገባ። ኃላፊው ፊት «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲል ድምፁ ሰለለ፤ ሰውየው «ምን አልክ?» ብሎ አስደገመው። ሶላሩ እንዳይነቀል፣ ሆርዶፋም በማግስቱ ሄዶ እንዲያየው ተወሰነ።

በሩ ላይ ሲለያዩ «ነገ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ» አላት።

ዶርቃስ ነጠላዋን እያስተካከለች ትክ ብላ አየችው።

«ይምጡ። እነሱም እኮ ‹አንዳችን በድብቅ ነክተነው ይሆናል፤ ኦቦ ሆርዶፋ ሲመጣ እግሩ ላይ ወድቀን ይቅርታ እንለዋለን› እያሉ ነው የሚጠብቁዎት።»