ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ

አሁን በማስተምርበት ክፍል ከኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጠጋ ብትል ሹክሹክታዋ ይሰማሃል። ጓደኞቿ ይስቁባታል። እኔ ግን ያን ድምፅ ስሰማ የጠመኔው ሽታ ይጠፋና የመንዝ ብርድ፣ የበግ ጠጉር ሽታና የአባቴ ጋቢ ይመጡብኛል።

አባቴ ቄስ ነበሩ። እሳቸው የሚያውቁት ንባብ የቤተ ክህነቱን ነው፤ ፊደሉ በዓይን ይታያል፣ በአፍ ይወጣል፣ በጆሮ ይገባል። ዝም ብሎ መጽሐፍ ላይ ማፍጠጥ ለእሳቸው ንባብ አልነበረም።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤቱ ባለበት ቀየት ከተማ የኪራይ ክፍል ነበረችኝ። ዓርብ ባዶ የስንቅ ከረጢቴን ይዤ በእግሬ አገር ቤት እገባለሁ፣ እሑድ በሶና ቆሎ ሞልቼ እመለሳለሁ። በመሃል ውሃ መቅዳት አለ፣ ማገዶ አለ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፣ ቅዳሜ ደግሞ ለእናቴ የበግ ጠጉር መፍተል አለ። ልብ ወለድ የማነብበት ጊዜ ከየት ይምጣ? እሰርቅ ነበር እንጂ። ሽሮው እስኪንተከተክ አንድ ገጽ፣ ቦኖ ላይ ተራዬ እስኪደርስ ጀሪካኔ ላይ ቁጭ ብዬ ሌላ ገጽ።

አንድ ቅዳሜ እንዝርቱን አስቀምጬ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ሳነብ አለቀስኩ። በታሪኩ ውስጥ ሕፃን ሞቶ ነበር። እናቴ አየችኝ። የነካኝ የለም፣ የተናገረኝ የለም፣ እንባዬ ብቻ ይወርዳል።

«ኧረ ይቺን ልጅ ይዩልኝ! ፈዛ መዋሏ ሳያንስ ደግሞ ታለቅሳለች» ብላ አባቴን ጠራች።

መንፈስ ነው ተባለ። በማግስቱ ማለዳ በባዶ ሆዴ ጠበል ተወሰድኩ። በጥቅምት ውርጭ የመንዝ ጠበል ምን እንደሚመስል አልነግርህም። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ «አባ፣ ምንም አልሆንኩም፤ እያነበብኩ ነበር!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። «ከንፈርሽ ሳይንቀሳቀስ?» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «እስቲ እቤት እንግባና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ምን እንዳስለቀሰሽ ልወቅ» አሉ።

አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ወደ ቀየት ሳልነሳ፣ የሁለታችን የንባብ ጊዜ ሆነ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወንጌል እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። በታሪኩ ውስጥ ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር» ይላሉ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እቀጥላለሁ። እናቴ ነበረች ያልወደደችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ትምህርቴ እንዳይበላሽ ግን አብዝታ ትፈራ ነበር።

«ፈተናው ደጅ ደርሶ ተረት? ይኸ ነገር ፈተና ላይ ይመጣል?» ትላለች።

«ተያት እስቲ። ለበሬዎቹስ ቀንበር አናወርድላቸውም?» ይሏታል አባቴ።

ፈተናውን አለፍኩና ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሰፈራችን ኔትወርክ የለም፤ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። አባቴ እሑድ እሑድ በዚያ ዕድሜያቸው ጉብታውን ይወጣሉ። እኔ የማደሪያው ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። የቡድን ሥራ አለ፣ ላብራቶሪ አለ፣ የሚታጠበው ልብሴ ተከምሯል፤ ጓደኞቼ ይጠሩኛል። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የማነበው ለመምህራኑ ነበር። ለራሴ የማነበው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር፤ በስልኩ ውስጥ ነፋሱ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የጀመርኩላቸው መጽሐፍ ከስደት አገር በእግሯ ስለምትመለስ ሴት ነበር። አባቴ በጣም ወደዷት። ገና ስልኩን ሲያነሡ «እህ፣ ዛሬስ የት አደረች?» ይሉኛል።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ ስደውል ያነሣችው እናቴ ሆነች። ጉብታውን ወጥታ ስለማታውቅ ደነገጥኩ።

«አባ የት ናቸው?»

«መውጣት አልቻሉም።»

«አሟቸው ነው?»

«አሟቸው ነበር» አለችኝ፤ ድምፅዋን ነፋሱ ይቆራርጠዋል። «አሁንማ ዐርፈዋል። አንቺ አንብቢልኝ፤ ወርጄ እነግራቸዋለሁ።»

ሕመሙ ተወት አድርጓቸው ጋደም ያሉ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ አነበብኩላት። ተረት ነው ስትል የኖረችው እናቴ «ቀስ በይ፣ እንዳይጠፋብኝ፤ እስቲ ድገሚው» እያለች ታስቆመኛለች። በሚቀጥለውም እሑድ እሷው ነበረች፤ ከዚያም በኋላ።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ… አንቺ ብቻ ለፈተናሽ በርቺ» ትለኛለች።

ፈተናዬን ጨርሼ ቀየት ከአውቶቡስ ስወርድ አጎቴ ይጠብቀኝ ነበር። መሽቷል ብሎ አክስቴ ቤት አሳደረኝ። ገና ሳይነጋ ቤቱ ነጠላ ባዘቀዘቀ ሰው ሞላ። የእኛ አገር ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ታውቃለህ።

«አባትሽ ዐርፈዋል» አለኝ አጎቴ። «ካረፉ ሰንብተዋል። ፈተናዋን ትጨርስ ብለን ነው።»

ያቺ ቃል የዚያን ማለዳ ነው የገባችኝ። ቄስ ሲሞት ዐረፉ እንጂ ሞቱ እንደማይባል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ግን እናቴ በስልክ ስትነግረኝ የሰማሁት መስማት የፈለግሁትን ነበር። እንዴት አድርጌ እንዳለቀስኩ አላስታውስም።

አገር ቤት ገብተን፣ ሰዉ ተበትኖ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ስንቀር ንዴት ያዘኝ። ጥቁር ልብሷ ትልቅ ሆኖባት፣ ከስታ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እና ለማን ነበር ያን ሁሉ የምታስነብቢኝ? ነገርኳቸው ስትዪኝ አልነበር?» አልኳት።

እናቴ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መለሰች።

«አልዋሸሁሽም፣ ልጄ» አለች። «ከጉብታው ስወርድ መቃብራቸው መንገዴ ላይ ነው። አጠገባቸው ቁጭ እያልኩ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ያልገባኝን ብቻ ነው የዘለልኩት።»