ለአኮ ሬዲዮ የሚሆን ፍላሽ

«ሰሙት! ከዳር እስከ ዳር ሰሙት!»

ይህን ያለኝ ወደ አሬሮ የሚሠራ መኪና ሾፌር ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ አክስቴ ሱቅ ውስጥ የአንድ ሰውዬ ማመልከቻ እተይባለሁ። ሾፌሩ ገና ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። ጣቴ ፊደሉ ላይ ተጭኖ ስለቀረ ማመልከቻው መሃል አንድ መስመር ሙሉ «ሰ» ተደረደረ።

ባለማመልከቻው ደንግጦ «ምን ሆነች ይቺ ልጅ? የሚያገባት መጣ እንዴ?» ብሎ አክስቴን ጠየቃት።

«ከዚያ ይበልጣል» አለችው አክስቴ። «የላከችው ፍላሽ ሠራ።»

ሰውየው ምንም አልገባውም። ለእናንተ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አኮ የምላት የእናቴን እናት ነው። በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው። እሷ አሬሮ፣ እኛ ነገሌ ነን። ወንድ አያቴ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። በሕይወት እያለ አጎቴ በስልኩ ድምፁን ቀድቶት ነበር፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። አያቴ እዚያ ላይ ላሞቹን በየቀለማቸው እየጠራ ያሞግሳል፤ ጎረምሶች ሆነው ከጥልቁ ጉድጓድ ውሃ ሲያወጡ የሚዘፍኑትን ይዘፍናል፤ መሃል ላይ ደግሞ «አሁንም እየቀዳ ነው? ይሄ ዕቃ አይጠግብም?» ብሎ አጎቴን ይቆጣል። ስልኩ በኋላ ጠፋ። ድምፁ ግን ቀድሞ አክስቴ ኮምፒውተር ላይ ስለተገለበጠ ማንም አልደነገጠም።

አኮ ማንበብ አትችልም፤ ስልኳም ከመደወል ሌላ ሥራ የለውም። ያላት በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ ሬዲዮ ነው፤ ጎኑ ላይ ፍላሽ ይሰካበታል። ባለፈው እረፍት ልጠይቃት ስሄድ እጄን ያዘችና «ድምፁ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። «ፊቱ አለ። ልብሱ አለ። ድምፁን ግን ስፈልገው ይርቀኛል።»

«እኔ እልክልሻለሁ አኮ» አልኳት። ቃል ስገባ በጣም ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት። የአባቴ ወገኖች ከጉራጌ አገር መጥተው ነገሌ ላይ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው። ሱቋ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አለ፣ ጽሕፈት አለ፣ ዘፈንና ፊልም መጫን አለ። አንድ የማይሻር ሕግ አላት፤ ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ ፎርማት ይደረጋል፤ ያለበት ሁሉ ተጠርጎ ባዶ ይሆናል። በየከተማው የሚዞረው ቫይረስ ሁለት ጊዜ ኮምፒውተሯን ስለገደለባት ነው። «ሳይታጠብ አይገባም» ትላለች። እጇ ስለለመደ አንዳንዴ ከሰው ጋር እያወራች፣ ማያውን እንኳ ሳታይ ታጥበዋለች።

ለአኮ የገዛሁትን ፍላሽ ሳሳያት «ፎርማት ስታደርጊው በኤንቲኤፍኤስ አድርጊው። ጠንካራው እሱ ነው» አለች። እንዳለችኝ አድርጌ፣ ድምፁን ኮፒ አድርጌ ለሾፌሩ ሰጠሁት። እኛ ዘንድ ፍላሽ እንደ ደብዳቤ ነው፤ በሾፌር እጅ ይሄዳል፣ መልሱም በሾፌር አፍ ይመጣል።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ሾፌሩ ፍላሹን መልሶ ሰጠኝና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልክ እንደ አኮ አንገቱን ቀና አድርጎ «አያትሽ እንዲህ ብለዋል» አለ። «‹ይህ ሰውዬ በሕይወቱ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ምን አድርጋችሁት ነው?›»

አክስቴ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። አኮ ቀልድ የምትጨምረው ሲከፋት መሆኑን አውቃለሁ።

የአይሲቲ መምህራችንን ጠየቅኋት። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ያስረዳችኝን እኔ በራሴ መንገድ ነው የያዝኩት። ቦረና ውስጥ ጉድጓድ ላይ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። ዛሬ የማን ከብት፣ ነገ የማን ከብት እንደሚጠጣ ተራ የሚያስይዝ እሱ ነው። እሱ ከሌለ ውሃው ቢኖርም ከብቱ ይጋፋል እንጂ አይጠጣም። ፍላሽ ውስጥም ተራ አስያዥ አለ። የትኛው ፋይል የት እንደተኛ፣ የትኛው ቁራጭ የትኛውን እንደሚከተል የሚያውቀው እሱ ነው፤ ፋይል ሲስተም ይሉታል። ፎርማት ስናደርግ የምንመርጠው እሱን ነው።

ኤንቲኤፍኤስ ጥንቁቁ ነው። የሚሠራውን ሁሉ አስቀድሞ ማስታወሻ ላይ ይጽፋል፤ ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ማስታወሻውን አይቶ ራሱን ያቃናል። አክስቴ ጠንካራ ነው ማለቷ ልክ ነበር። ግን የአኮ ሬዲዮ አነጋገሩን አታውቅም። ፋት ሠላሳ ሁለት ደግሞ ሽማግሌው ነው። ሬዲዮውም፣ የመኪናው ቴፕም፣ አሮጌው ቴሌቪዥንም ያውቁታል። አንድ ፋይል አራት ጊጋ ከሞላ አልሸከምም ይላል፤ የአያቴ ድምፅ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የሚያስፈራው ድክመቱ ሌላ ነው። ማስታወሻ አይዝም። እየጻፈ ሳለ ከነጠቁት ተራው ሁሉ ይደባለቅበታል። ኤክስፋት የሚባል ሦስተኛም አለ፤ ትልቅ ፋይል ይሸከማል፣ አዳዲስ ዕቃዎች ያውቁታል።

ጎረቤታችን ሱቅ ልክ የአኮን ዓይነት ሬዲዮ ይሸጣል። ለግማሽ ሰዓት ተዋስነው ያንኑ ፍላሽ በየዓይነቱ ፎርማት እያደረግን፣ ከድምፁ ቁራጭ እየጫንን ሞከርነው። በኤንቲኤፍኤስ ዝም አለች። በኤክስፋትም ብልጭ ብልጭ ብላ ዝም አለች። በፋት ሠላሳ ሁለት አያቴ ሱቁ መሃል ላሞቹን መጥራት ጀመረ!

«በይ እንግዲህ» አለች አክስቴ። «ሽማግሌን ሽማግሌ ያውቀዋል።»

በደስታዬ መሃል አንድ ጥፋት ሠራሁ። አክስቴ ቀደም ብላ «ኮምፒውተሩ ሞልቷል፣ ቦታ ልቀቂልኝ» ብላኝ ነበር። ስለዚህ ሙሉውን ድምፅ ስጭን ኮፒ ሳይሆን ከት አድርጌ ወደ ፍላሹ አዛወርኩት። ፋይሉ ተነስቶ ሄደ ማለት ነው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። መሄጃውን አግኝቷላ!

ሾፌሩ ይዞት ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«አልሠራም ልጄ።»

«እንዴት አይሠራም ጋሼ? እዚሁ ሲዘፍን ሰምተነዋል!»

«እኔም መኪና ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ሰምቶታል፣ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም አብረው ዘፍነዋል። አሬሮ ስገባ ግን…» አንገቱን አከከ። «ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ ሁለት ዘፈን አስጨመርኩበት። ለአያትሽ ስጦታ። ዘፈን የሚጭነው ልጅ ‹ትንሽ ቀርቶታል› ሲል ተሳፋሪ ጮኸብኝና ነቅዬው ሮጥኩ።»

መቆጣት እንኳ አልቻልኩም። በስጦታ እንዴት ይቆጡታል?

አክስቴ ፍላሹን ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። ኮምፒውተሩ ሊያነበው አልቻለም፤ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀ። «አያችሁ፣ ራሱ ታጥቤ ልግባ እያለ ነው» አለች። «አትዘኚ አንቺ ልጅ፣ እኛው ጋር ያለውን እንደገና እንጭነዋለን።» እጇ ማውሱ ላይ ነበር። ቀስቱ «አዎ» የሚለው ላይ ደርሷል።

እኛው ጋር ያለው። ይህን ስሰማ ያዛወርኩት ትዝ አለኝ።

«አክስቴ! እጅሽን አንሺ!»

በሕይወቴ እንዲህ ብያት አላውቅም። ማውሱን እንደ ጋለ ብረት ለቀቀችው። ሾፌሩም ሳያስበው የራሱን እጅ አነሳ።

ከዚያ ነገርኳት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ማኅደር ከፍታ አየችው፤ ባዶ ነው። ስድብ እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን ማኅደሩን ዘጋችና «ቦታ ልቀቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «ልታጥበውም የነበረችው እጅ የእኔ ናት።» ፍላሹን ነቅላ በወረቀት ጠቀለለችው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው ቦርሳዬ ውስጥ ራሷ ከተተችው።

ቅዳሜ ጠዋት መምህራችን የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ክፍል ከፈተችልኝ። ፍላሹ ላይ ምንም አልጻፈችም። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ፣ የተደባለቀውንም ጭምር፣ እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠች። «የምንነካካው ግልባጩን ነው። ዋናው ይረፍ» አለችኝ። ከዚያ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሳች። ውጭ ፀሐዩ ከረር ብሏል፤ እኛ የምናየው አንድ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ሲረዝም ነው። መብራት እንዳይሄድ በልቤ እለምን ነበር።

የተገኙት ፋይሎች ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ብቻ። ተራ አስያዡ የለም፤ ከብቶቹ ግን እዚያው ቆመዋል ማለት ነው። አንድ በአንድ አዳመጥን። የመጀመሪያው ሾፌሩ ያስጨመረው ዘፈን ነው፣ ግማሹ። ሁለተኛው እንደ ንፋስ ያለ ጫጫታ። ሦስተኛው ምንም። አራተኛውን ስትከፍተው ሳል ሰማሁ።

የሰው ሳል ይታወቃል? የአያቴ ይታወቃል። ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስለው።

«ምን እያለ ነው?» አለች መምህሬ። ኦሮምኛ ገና እየተማረች ነው።

«ሳለ ብቻ» አልኳት፤ እንባዬ ግን ቀድሞኝ ነበር።

ሁሉም አልተገኘም። አኮን ለማግባት ስንት ጊዜ ቤተሰቦቿ ጋ እንደተመላለሰ መናገር ሲጀምር፣ «ስድስተኛው ጊዜ ላይ…» ይልና ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የነበረው ጥቂት ደቂቃ የለም። ዘፈኖቹ የተጻፉት እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ግን የቀረው ከጠፋው በጣም ይበልጣል።

በሦስተኛው ጊዜ የላክነው እንዲህ አድርገን ነው። ሬዲዮዋ ሌላ ስለማታውቅ ፍላሹ ፋት ሠላሳ ሁለት ሆነ። ለሚጓዝ ዕቃ የተመረጠው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ድክመቱን የምንሸፍነው እኛ ነን። ድምፁን አሥር አሥር ደቂቃ አድርጌ ቆራረጥኩት፤ አንዱ ቢጎዳ ሌላው እንዲተርፍ። አንድ ፍላሽ ሳይሆን ሁለት ላክሁ። ቤት የሚቀረውን ግልባጭ አክስቴ ኮምፒውተር ላይ፣ በጥንቁቁ በኤንቲኤፍኤስ ዲስክ አስቀመጥኩ። አንድ ግልባጭም መምህሬ ጋ አለ። ለሾፌሩ ደግሞ የራሱን ፍላሽ በዘፈን ሞልቼ ሰጠሁት።

«ይሄ ቀዩ የእርስዎ ነው ጋሼ። ጥቁሮቹን እንዳይሰኳቸው፣ እንዳይጨምሩባቸው፣ እንዳይስቁላቸውም።»

«ወይ ጉድ! ልጅቷ ዳኛ ሆነች» አለ ለአክስቴ።

«ከእኔ ላይ ነው የጀመረችው» አለችው።

እውነቷን ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፌ የለጠፍኩት አለ፦ «የሰው ፍላሽ ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይታጠብም። ከመንቀላችሁ በፊት እስኪጨርስ ጠብቁ፣ በሥርዓቱ አስወጡት። ከት አታድርጉ፣ ኮፒ አድርጉ። ፍላሽ ይገዛል፣ ድምፅ አይገዛም።» የመጨረሻዋን መስመር ሰዎች ቆመው ያነቧታል። አንዲት እናት «ማን ጻፈው?» ብላ ስትጠይቅ አክስቴ በአገጯ አመለከተችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው መጻፍ እንደምችል ያመንኩት። ይህንንም የምጽፈው በዚያው ድፍረት ነው።

እንግዲህ ረቡዕ ዕለት ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ የነገረን ይህን ነው። አኮ ሬዲዮውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ላዩ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ላሞቹን ሲጠራ ያልጠራትን አንዲት ላም እሷ ጠራችለት። ጎረቤቶች መጡ፤ ዘፈኑ ጋ ሲደርስ ወንዶቹ ተቀበሉት። መጨረሻ ላይ «ስድስተኛው ጊዜ ላይ…» ብሎ ተቆረጠ። ሾፌሩ እንደገና ተበላሸ ብሎ ደንግጦ ተነሳ።

አኮ ግን አልደነገጠችም። ወደ ሬዲዮው ዞራ «ውሸታም» አለችው። «ስድስት? ዘጠኝ ጊዜ ነው የተመላለስከው! በስድስተኛውማ አባቴ ገና ስምህን እንኳ አላወቀም ነበር።» ከዚያ የቀረውን ታሪክ ራሷ ጨረሰችው። እየሳቀች። ሾፌሩ ለመሄድ ሲነሳ «ልጄን እንዲህ በልልኝ» አለችው፤ «ድምፁ ተመልሷል። የጎደለው እኔ ጋ አለ። የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ በላት።»

ስለዚህ መልእክቷን አደርሳለሁ። በአሬሮ የምታልፉ ሰዎች፣ ወደ አመሻሹ፣ ከብቶቹ ሲገቡ፣ ሬዲዮ የሚሰማበትን ቤት ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል። የራሳችሁ አያት ድምፅ ያለበት ፍላሽ ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእሱ ቀጥሎ ይሰማል። በሩ ላይ «ናጋ?»፣ ሰላም ነው? ትላችኋለች። የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ ከዚያም የማን የልጅ ልጅ እንደሆናችሁ ትጠይቃለች። ሳትቸኩሉ መልሱላትና ግቡ፤ ወተት ቀርቦላችሁ ታዳምጣላችሁ።