የጋሽ ኤጭ ኪኒኖች

የልብስ ሰፊውን ትክክለኛ ስም ከባለቤቱ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ኤጭ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ደንበኛ ላብ የጠጣ ሱሪ ይዞ ሲመጣ «ኤጭ!»፣ ዝናብ ያበሰበሰው ውሻ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲራገፍ «ኤጭ!»፣ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ የጠረገው ፀጉር በነፋስ ወደ እሱ በር ሲመጣ «ኤጭ!»። ሳይታጠብ የመጣ ልብስ ከሆነ በሁለት ጣቶቹ ጫፍ አንጠልጥሎ ለባለቤቱ ይመልሰዋል። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ አስከሬን አጣቢ አይደለሁም» ይላል። ሰው ይስቃል እንጂ አይቀየመውም። እጁ ወርቅ ነዋ! እሱ የሰፋው ኮት ጎባጣውን ሰው ቀጥ ያደርገዋል።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ የገዛ አካሉ ያስጠላው።

መጀመሪያ እግሩ አበጠ። ካልሲውን ሲያወልቅ የላስቲኩ ምልክት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቦይ ሠርቶ ይቀራል። በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ሥጋው እንደ ሊጥ ይሰረጉድና ቶሎ አይመለስም። «ኤጭ፣ ይሄ የኔ ሥጋ ነው?» ይልና ካልሲውን መልሶ ያጠልቀዋል። ቀጥሎ ከሱቁ ወደ ቤቱ የምትወስደው ዳገት ትንፋሽ ታሳጥረው ጀመር። ጋደም ሲል ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ስለሚመስለው ትራስ በትራስ ላይ ደረበ፤ እሱም አልበቃው ሲል ወንበር ላይ ተቀምጦ ማሸለብ ለመደ። ባለቤቱ ስታየው ሰነበተችና አንድ ጠዋት ጃኬቱን አምጥታ ጉልበቱ ላይ ጣለችለት።

«ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«የሐኪም ቤት ሽታ እኮ...»

«የራስህ ሬሳ እንዴት እንደሚሸት አስብና ተነስ አልኩህ!»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ደረቱን በአልትራሳውንድ አየችለትና ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አደረገች። «የልብ ድካም ይባላል» አለችው። «ልብዎ ሊቆም ነው ማለት አይደለም። ደሙን እንደ ድሮው መግፋት አቅቶታል። ውሃው እግርዎና ሳንባዎ ውስጥ የሚጠራቀመው ለዚህ ነው።» ከዚያ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ አስረዳችው። አንዱ ውሃውን በሽንት ያስወጣል፤ ቶሎ እፎይ የሚያሰኘው እሱ ነው። ዕድሜ የሚጨምሩት ግን ሌሎቹ ናቸው። አንዱ የደም ሥሮችን አላልቶ የልቡን ሸክም ያቀልለታል። አንዱ የልብ ምቱን ያረጋጋል፤ መጀመሪያ ላይ ስለሚያደክም በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። አንዱ ጨው ሰውነቱ ውስጥ እንዳይከማች ያግዛል፤ እሱን ሲወስድ ደሙን እየመጣ መታየት አለበት።

«ይሄኛው ደግሞ የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው» አለች በመጨረሻ።

«ስኳር እኮ የለብኝም!»

«አውቃለሁ። ለልብም እንደሚጠቅም ስለታወቀ ነው የማዝልዎ። ስኳሩን በሽንት ያስወጣል።»

«ኤጭ!»

ሐኪሟ ደንግጣ ቀና አለች። ባለቤቱ «አይዞሽ ልጄ፣ ስሙ ነው» አለቻት።

ኪኒኖቹ ከማግሥቱ ጠዋት ጀምሮ መከራውን አበሉት። ውሃ የሚያስወጣው ኪኒን ሱቅ እንደገባ ነበር የሚያጣድፈው። ከሱቆቹ ጀርባ ያለው የጋራ መጸዳጃ ቤት ደግሞ እሱ ገና ከሩቅ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ቦታ ነበር። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ በሩ መቀርቀሪያ የለውም፣ ግድግዳው ላይ ምን እንደሆነ ሊያውቅ የማይፈልገው ነገር ደርቋል። የሱሪውን እግር እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በጫማው ጫፍ እየረገጠ ይገባና ትንፋሹን ውጦ ይወጣል። ትንፋሹ ራሱ የተበደረው ያህል ባጠረበት ሰዓት! በቀጠሮው ቀን ይህንኑ ሲያማርር ሐኪሟ ኪኒኑን በማለዳ ቤቱ ሆኖ እንዲውጠው መከረችው። ከዚያ ወዲያ ኪኒኑን ውጦ፣ ሽንቱን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ ደረቅ ሳል መጣ። ልብስ ሰፊ ሲለካ መርፌዎቹን በከንፈሩ ነው የሚይዘው። አንድ ቀን የአንድ ጡረተኛ የጥበቃ ሠራተኛ ሱሪ ለማሳጠር ተንበርክኮ ሳለ ሳሉ ድንገት ተነሣበትና መርፌዎቹን በሰውየው እግር ላይ ረጫቸው። ሰውየው እየዘለለ «ጋሽ ኤጭ፣ ጥይት ነው እንዴ የምትተፋው!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ኤጭን ያንገሸገሸው ግን መርፌው ሳይሆን ምራቁ ነበር፤ የራሱ ምራቅ በሰው ሱሪ ላይ! ለሐኪሟ ምንም ሳያፍር ነገራት። እሷም ሳሉ ከመድኃኒቶቹ የአንደኛው ጠባይ መሆኑን ነገረችውና ያንኑ ሥራ በሚሠራ፣ ሳል በማያመጣ ሌላ ቀየረችለት። ሳሉ ጠፋ።

የሚቀጥለውን ግን ለማን ይንገር?

የግራ ጡቱ ጫፍ ከስፌት ጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሲነካካ ያመው ጀመር። ብጉር ነው ብሎ ተወው። ከዚያ ቀኙም ተከተለ። አንድ ቀን ደንበኛ በሌለበት የሱቁን መጋረጃ ጋረደና ሸሚዙን ከፍቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። አላመነም። ዕድሜውን ሙሉ የወንድ ደረት የለካበትን ሜትር ከአንገቱ አውርዶ ራሱን ለካ። ደረቱ ላይ ሁለት ትናንሽ ለስላሳ እብጠቶች ጉች ጉች ብለዋል፤ ገና ኮረዳ መሆን የጀመረች ልጃገረድ ይመስላል። «ኤጭ!» ብሎ ሸሚዙን ቆለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሙቀትም ቢሆን ከሸሚዙ በላይ ወፍራም ሰደርያ ሳይደርብ አይወጣም፤ ባለቤቱ ፊትም ልብሱን አይቀይርም። ሐኪሟ «ሌላ የሚያስቸግርዎ ነገር አለ?» ስትለው ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ሐኪሟም በልጁ ዕድሜ ናት። «ደህና ነኝ» አለ።

ባለጠርሙሱ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ባለጠርሙሱ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ያልሞከረው ንግድ የለም። ሰሞኑን «የልብ ማጠቢያ» እያለ ቡናማ ፈሳሽ በጠርሙስ ይሸጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ኪኒን ኬሚካል እኮ ነው» አለው ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «ወንድን ወንድነቱን ያሳጣል። ስንቱን አየሁት መሰለህ!»

ሰውየው ያወራው አፉ እንዳመጣለት ነበር፤ ጋሽ ኤጭን ግን ልክ የቆሰለው ቦታ ላይ ወጋው። ፈሳሹን ቀመሰው። በስኳር የታሸ የዛገ ብረት ይመስላል፣ ጉሮሮ ላይም ይዝለገለጋል። አፍንጫውን ይዞ ጠጣው። ከማግሥቱ ጀምሮ ባለቤቱ የምትሰጠውን ኪኒን ሁሉ ጉንጩ ሥር ሸጉጦ፣ ውጭ ሲወጣ ቦይ ውስጥ ይተፋው ጀመር።

የእግሩ እብጠት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ተመልሶ መጣ። ጫማው አልገባው ሲል በነጠላ ጫማ ሱቅ ዋለ። ባለቤቱ ስትጠይቀው በሙቀቱ ያሳብባል። አንድ ከሰዓት በኋላ ለሙሽራ የሚሆን ነጭ ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሊቆርጥ ሲል ትንፋሹ እንቅ አለ። ደረቱ ውስጥ የሚፈላ ድስት የተጣደ ይመስል ይንፎለፎላል። ሳለ፤ ሮዝ የመሰለ አረፋ ከአፉ ወጥቶ በነጩ ሱፍ ላይ ተዘረገፈ። ከመውደቁ በፊት ያሰበው ሞትን አልነበረም። «ማን ያጥበዋል ይህን?» ብሎ ነው ያሰበው። ፀጉር አስተካካዩ ሰምቶ ሮጦ ደረሰና በታክሲ ሐኪም ቤት አደረሰው።

ኦክስጅን ተደረገለት፣ ውሃውን የሚያስወጣው መድኃኒት በመርፌ ተሰጠው። ነፍስ ሲዘራ ሐኪሟ አጠገቡ ቆማ ነበር።

«መድኃኒቱን አቁመዋል፤ አይደል?»

ባለቤቱን አየ። ባለቤቱ ገባትና «ሻይ ልጠጣ» ብላ ወጣች። ያኔ የሐኪም ቤቱን ሸሚዝ ገለጥ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ይሄ እኮ የአንዱ መድኃኒት ጠባይ ነው። ወንዶች ላይ ይታያል። አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ይህን እምብዛም የማያመጣ ሌላ አለ። ሳልዎንስ ቀይረን አልነበር ያጠፋነው?»

«ሳልና ይሄ አንድ ነው?» አለ ወደ ግድግዳው እንደዞረ።

«ለኔ አንድ ነው። ብቻ ሁለተኛ በራስዎ እንዳያቆሙ። ሁሉንም አቁመው ነው እዚህ የደረሱት።»

ስለ ጠርሙሱም ነገራት። ባለቤቱ ተመልሳ ስትገባ ይህንኑ ሰማች።

ከሐኪም ቤት ወጥቶ እግሩ ሲጸና ባለቤቱ የተረፉትን ጠርሙሶች በዘንቢል ይዛ፣ እሱን አስከትላ ወንድሟ ቤት ሄደች። ባለጠርሙሱ በር ላይ ሊያግዳቸው ቢሞክርም ገፍታው ገባች። «የልብ ማጠቢያው» የሚዘፈዘፈው ገላ መታጠቢያው ውስጥ፣ ልብስ በሚታጠብበት ሳፋ ነበር። ከላዩ ዝንቦች ሞተው ተንሳፍፈውበታል፣ ማጥለያው ጨርቅ ላይ ረጅም ፀጉር ተጠምጥሟል። ጋሽ ኤጭ ያን ሁሉ ጠርሙስ መጠጣቱን አሰበና የበሩን ደፍ ተደግፎ አስመለሰ። አፉን ሊጉመጠመጥ ወደ ቧንቧው ሲያጎነብስ ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ አንድ የኪኒን ፓኬት አየ። ያውቀዋል። ሳል ባመጣበት መድኃኒት ምትክ ለእሱም የታዘዘለት ነው።

«ይሄ የማን ነው?»

ባለጠርሙሱ ጆሮውን አከከ። «የኔ ነው። ግፊት አለብህ ብለውኝ...»

«የራስህን ጠርሙስ አትጠጣም?»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱማ ለሆዴ አይስማማኝም።»

ባለቤቱ በሕይወቷ ሙሉ ምንም የማይቀፋት ሴት ናት፤ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ያጠበች፣ የአልጋ ቁራኛ ያስታመመች። አሁን ወንድሟ እግር ሥር «ቱ!» ብላ ተፋች። ሳፋውን በሁለት እጇ ብድግ አድርጋ ደፋችው፤ ጠርሙሶቹንም አንድ በአንድ እየከፈተች አንጠፈጠፈቻቸው። «እህቴ፣ ንግዴን...» ሲል «ንግድህ የእህትህን ባል ሊገድል ነበር!» ብላ ዘጋችው።

አዲሱ ኪኒን ተስማማው። የደረቱ ሕመም ጠፋ፣ እብጠቱም በዝግታ ሟሸሸ፤ ሰደርያውን አወለቀ። በኋላ ልቡ በአልትራሳውንድ ሲታይ መሻሻሉን ሐኪሟ ነገረችው፤ ዳገቱንም መሀል ላይ አረፍ እያለ ይወጣዋል። ኪኒኖቹን ግን እስከ ዛሬ አልወደዳቸውም። በየማለዳው ጉንጩን አኮማትሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣቸዋል፤ ባለቤቱም አፉን አስከፍታ ምላሱ ሥር ሳታይ አትለቀውም።

ባለጠርሙሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ብርቱካን ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። እህቱ ከጓዳ አልወጣችም። ጋሽ ኤጭ አስቀመጠው፣ ሻይ አቀረበለት፣ ስለ ዝናቡም ትንሽ አወሩ። ሰውየው ሻዩን ጨርሶ ሲሄድ በሩ ድረስ ሸኘው። ከዚያ ተመለሰና የጠጣበትን ብርጭቆ በሁለት ጣቶቹ ጫፍ አንስቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው።