ፍርሃቴ እስኪለቀኝ ስጠብቅ

ፈረስ እፈራለሁ። ዳንግላ ተወልዳ ያደገች ሴት ይህን ስትናገር ሰሚው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ይመክራል። በእኛ አገር ሠርጉም ለቅሶውም በፈረስ፣ ገበያው በጋሪ ነው። እኔ ግን በሰባት ዓመቴ አንድ ግራጫ ፈረስ ጭኔን ከረገጠኝ ወዲህ ኮቴ ስሰማ መንገድ እለውጣለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

ምክሩ ከእርግጫው ይብሳል። «ጸልዪ፣ ይለቅሻል» ይሉኛል፤ የማልጸልይ ይመስል! ጸበል ተጠምቄያለሁ፣ ዳዊት ደግሜያለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አምላኬን የለመንኩት ይህን ፍርሃት ንቀልልኝ ብዬ ነው። አልነቀለልኝም። ለሌላው ስንቱን ሲያደርግ የእኔይቱ ምን ከበደችው እያልኩ ተነጫንጬበታለሁ።

አምና በፍልሰታ ጾም የታናሽ እህቴ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞላት። እህቴ ያገባችው ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። የሕፃኗ ክርስትና እናት እኔ እንድሆን የተቆረጠው ገና ሳትወለድ ነበር። እኔ አልወለድኩም፤ ከእንግዲህም የምወልድ አይመስለኝም። ስለዚህ ያችን ቀን እንዴት እንደጠበቅኋት እኔ ነኝ የማውቀው። የሕፃኗን ቀሚስና ማተብ ይዤ በጠዋቱ ከምኖርበት ከእንጅባራ በሚኒባስ ግምጃ ቤት ደረስኩ።

ከዚያ ወዲያ ግን ጭቃው ባጃጅ አያሳልፍም። ያለው ጋሪ ብቻ ነው። ጥምቀቱ ከቀትሩ ቅዳሴ በፊት ስለሆነ በእግር ብሄድ አልደርስም።

«ነይ ውጪ ልጄ፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ» አሉኝ ባለጋሪው ሽማግሌ።

«ትንሽ ይታገሡኝ አባባ» አልኩና አንድ ሱቅ ጥግ ቆሜ መጸለይ ጀመርኩ። ፍርሃቱ ይለቀኝና እወጣለሁ ብዬ ነው። እሳቸው ሌላ ሰው ጭነው ሄዱ። ሁለተኛው ጋሪ መጣ፤ ፈረሱ ሲያሽካካ ዘልዬ ወደ ኋላ አልኩ፤ እሱም ሄደ። ዝናቡ ጀመረ፤ እኔ አሁንም እጸልያለሁ። ሦስተኛው ሊነሳ ሲል ሰዓቱ ሄዶብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የጋሪውን እንጨት ጨምድጄ፣ እያላበኝ ሄድኩ።

ስደርስ ጥምቀቱ አልቋል። ካህን ቀን ሙሉ ሰው አይጠብቅም። የእህቴ ጎረቤት ሕፃኗን በራሷ ነጠላ ጠቅልላ ታቅፋታለች። ሰይጣንን ክጃለሁ ብላ የመለሰችላት እሷ ናት፤ የክርስትና እናት ደግሞ አይለወጥም። እህቴ እኔን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ቅዳሴው ሲያልቅ ያጠመቁትን ቄስ መንገድ ላይ ያዝኳቸው። መስቀላቸውን ሳልሳለም ነው የጀመርኩት። «አባ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት ለመንኩት። ዛሬ እንኳ ለዚች ልጅ ሲል ፍርሃቴን ቢያርቅልኝ ምን ነበረበት?»

«ጋሪው ላይ ስትወጪ ለቆሽ ነበር?» አሉኝ።

«የት ይለቀኛል!»

«ታዲያ እንዴት ወጣሽ?»

በእሳቸውም ተናደድኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን በራሴ። ሳይለቀኝ መውጣት ከቻልኩ በመጀመሪያው ጋሪ ለምን ሳልወጣ ቀረሁ? እስኪለቅሽ ጠብቂ ያለኝ አንድም ሰው የለ፤ እግዜርም አላለኝ።

ወደ እህቴ ቤት የምንመለስበት ጋሪ ቀርቦ ነበር። ፈረሱ ጭራውን ይወዘውዛል፤ ባለጋሪው በአገውኛ ያባብለዋል። ፍርሃቱ እንዳለ ነው። የዚያን ጊዜ ግን አልቆምኩም፤ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እህቴ ገና እንዳኮረፈች ነው፤ ጭቃው ስላንሸራተታት ብቻ ሕፃኗን «ያዢልኝ» ብላ አቀበለችኝ። ጋሪው ሲነሳ ሕፃኗን ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። ፍርሃቱን ተወው፣ ክንዴን ብቻ አጽናልኝ አልኩት አምላኬን፤ በቁጣ ነው ያልኩት።

ክንዴ አልላላም። ሕፃኗ ቤት እስክንደርስ ጭኔ ላይ ተኛች። አፏን ስትፈታ ክርስትና እናቴ የምትለው ግን ጎረቤታቸውን ነው።