ማርኒ ኦልፈርትና በስክሪኑ ላይ ያልነበረው ቀይ ኮፍያ

ማርኒ ኦልፈርት ዊኒፔግ ውስጥ ለክሊኒኮች የቀጠሮ ሶፍትዌር በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ፈታሽ ናት። ሌሎች የሠሩትን፣ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት፣ ለመስበር ትሞክራለች። ድሮ የክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ቀጠሮ እንዴት እንደሚበላሽ የተማረችው መስኮቷ ላይ ቆመው ከሚቆጡ ሰዎች ነው።

ሥራዋ ሁልጊዜ የሚጀምረው ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ነው። አንዲት መስመር ስትጽፍ ቶከን ይሰጣታል፤ ለጥቂት ሰዓት ብቻ በር የሚከፍል፣ የተዘበራረቀ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር። ያንን ይዛ ወደ ሙከራው ሰርቨር ትገባለች። የሙከራው ሰርቨር የእውነተኛው መንትያ ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ያሉት ታካሚዎች የፈጠራ ናቸው፤ የሚላክላቸውም መልእክት ከዚያ አልፎ የትም አይደርስም።

የማርኒ የፈጠራ ታካሚ ስሙ ሎርን ነው። የባሏን ስም ነው የሰጠችው።

«በእኔ ስም ተጠቀሚ» ይላት ነበር ሎርን፣ የሱፍ ፍሬውን በጥርሱ እየፈለቀቀ። «እዚያ እንደፈለግሽ አሳምሚኝ። እዚህ ደህና ከሆንኩ ይበቃኛል።»

አንድ ቀን በስህተት ለእርግዝና ክትትል መዝግባው፣ ራት ላይ ብትነግረው፣ ሳይስቅ «ወንድ ነው ሴት?» አላት።

ሎርን ባለፈው ጸደይ በልብ ሕመም ሞተ። ማርኒ ቀብራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሙከራው ሰርቨር ላይ ያለውን ስሙን አልለወጠችም። ስልኩንም አልዘጋችውም፤ ቻርጅ እያደረገች በቦርሳዋ ይዛው ትሄዳለች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።

ቢሮው አንድ ደንብ አለው። ጥቁሩ መስኮት መጨረሻ የተነገረውን አይረሳም። እውነተኛውን ሰርቨር እይ ከተባለ፣ ተመለስ እስኪሉት ድረስ እዚያው ላይ እንዳፈጠጠ ይቀራል። የሚሰጠውም ቶከን ከሙከራው ቶከን በመልክ አይለይም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ወደ እውነተኛው ያዞረ ሰው ስክሪኑ ራስ ላይ ቀይ የክር ኮፍያ ያጠልቃል፣ ሲመልሰው ያወልቃል። ኮፍያውን የሠራችው ማርኒ ናት። ኮፍያ የለበሰ ስክሪን ማንም አይነካም።

ያን ዕለት ውጭው በብርድ ነጭ ሆኖ ነበር፤ መኪናዎቹ ሁሉ ሞተራቸው በረዶ እንዳይሆን የማሞቂያ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክተው ቆመዋል። ማርኒ ምሳዋን፣ ከቤት ያመጣችውን የጎመን ሾርባ፣ በልታ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ስክሪኗ ላይ ኮፍያ የለም። ጎረቤቷ ፕሮግራመሩ ኮልቢም ወንበሩ ላይ የለም። ተቀመጠች፣ ትእዛዟን ጻፈች፣ ቶከኗን ተቀበለች። እንደ ልማዷ ለሎርን፣ ጉልበቱን እንዲታከም፣ ለነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ያዘችለት፣ ማስታወሻም ላከችለት። ቀጥሎ ያለው ጽዳት ነው፤ ፈተናው ከባዶ እንዲጀምር የነገን ቀጠሮ በሙሉ የሚያጠፋ ትእዛዝ። ጽፋ ጨረሰችና ጣቷን ወደ ማስገቢያው ቁልፍ ሰደደች።

ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ።

የራሷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አንስታ ቦርሳዋን ከፈተች። የሎርን ስልክ በርቷል።

«ሎርን፣ ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ እንዳለዎት እናስታውስዎታለን።»

መጀመሪያ ምንም አላሰበችም። ስሙን ብቻ አየች። አንድ ሰው ሎርንን ነገ ይጠብቀዋል። ለአንዲት ቅጽበት፣ ሞኝ ናት ቢሏትም፣ ነገ ምን እንደሚለብስ አሰበች።

ከዚያ ሌላው ሐሳብ መጣ፣ እሱ ከፊተኛው ይበርዳል። መልእክቱን የላከችው ራሷ ናት። ሎርን ይታከምበት የነበረው ክሊኒክ ደግሞ ደንበኛቸው ነው፤ እውነተኛው ሎርን ከነስልክ ቁጥሩ እውነተኛው ሰርቨር ላይ አለ። ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ትእዛዙ እንደተጻፈ ተቀምጧል፤ የቀረው አንድ መንካት ነው። እውነተኛ ሰዎች። ወራት ጠብቀው ተራ ያገኙ፣ ነገ በዚህ ብርድ ተነሥተው የሚሄዱ።

እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በሌላው እጇ ያዘችው።

ኮልቢ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ። ቀዩ ኮፍያ ራሱ ላይ ነው።

«መኪናዬን አስነሥቼ መጣሁ። ጆሮዬ ሊወድቅ ነበር እኮ፣ አለቃዬ። ይቺ ኮፍያሽ ነፍስ ናት።»

«ኮልቢ፣ ከየት ነው ያነሣኸው?»

«ከስክሪንሽ ላይ። ምነው፣ አላማረብኝም?» አለና ፊቷን አየ። «ማርኒ?»

«ማሽኔ የት ነው የሚያየው?»

ኮልቢ ያደረገው ትዝ አለው። የእሱ ኮምፒውተር እየታደሰ ስለነበር፣ አንድ ክሊኒክ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ በእሷ ኮምፒውተር ወደ እውነተኛው ገብቶ ነበር። ኮፍያውንም በደንቡ አጥልቋል። ከዚያ በረደው።

«አስገባሽው?» አለ። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ባለው ትእዛዝ ላይ ነው።

«አላስገባሁትም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን አስቆመሽ?»

ስልኩን ሰጠችው። አንብቦ ቀስ ብሎ መለሰላት። ኮፍያውን አውልቆ ስክሪኑ ላይ አደረገ፣ ትእዛዙንም ፊደል በፊደል እየደመሰሰ አጠፋው።

«የሎርንን ቀጠሮ እኔ ልሰርዘው?»

«እኔ የያዝኩትን እኔ እሰርዘዋለሁ። ሰዓቱን የሚፈልገው ሰው አለ።»

ሶፍትዌሩ ምክንያት ጠየቃት። በሽተኛው ቀረ፤ ሌላ ቀን ይሻላል፤ በሽተኛው ሞቷል። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ ፈትሻዋለች። ክሊኒኩ የሎርንን ሞት አያውቅም ነበር፤ ማሳወቅ የነበረባት እሷ ናት። ሦስተኛውን ነካች። ቶከኑን ሻረች፣ መስኮቱን ወደ ሙከራው መለሰች፣ ኮፍያውን አወለቀች። የሎርን ስልክ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ ቀጠሮዎ ተሰርዟል ይላል። በፊቱ ደፋችው።

በሙከራው ሰርቨር ላይ ሎርን ዛሬም ጉልበቱን ይታከማል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማርኒ አረንጓዴ ኮፍያ ሠርታ ኮልቢ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«ይቺኛዋስ ስክሪን ላይ ስትደረግ ምን ማለት ናት?» አለ ኮልቢ።

«ስክሪን ላይ አትደረግም። ለራስህ ናት።»