የአራት ሰዓት መንገድ

እናቴ ጎንደርን የምትለካው በእግሯ ነበር። በወጣትነቷ ከዚያ ተነሥታ በሱዳን በኩል ስትመጣ ሳምንታት በእግሯ ተጉዛለች፤ ስለዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ገብታ ልጆች ወልዳ ካሳደገች በኋላም ጎንደር ለእሷ ያንኑ ያህል ሩቅ ነበር። ታላቅ እህቷ እዚያው ቀርታለች። በየበዓሉ ሲደዋወሉ እህቷ «መቼ ነው የምትመጭው?» ትላታለች። እናቴም «መንገዱ ሩቅ ነው እኮ፣ እታለም» ትላታለች። ከዚያ ሁለቱም ያለቅሱና ስልኩ ይዘጋል።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በረንዳ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። ኢየሩሳሌምን እየናፈቀች ያደገች ሴት እዚህ ደርሳ ደግሞ ጎንደርን ስትናፍቅ ሳይ አንጀቴን ትበላኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ እቀናም ነበር፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ ያን ያህል የምናፍቀው ሰው አልነበረኝም።

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። የግዴታ ውትድርናዬን ጨርሼ ሥራ እንደያዝኩ መሀል ከተማ፣ ሃኪርያ ከሚባለው ሰፈር ወዳለ የጉዞ ቢሮ ይዣት ሄድኩ።

«ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

«ቀን አይፈጅም፣ እማ። እስከ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ነው። ከዚያ ጎንደር ቅርብ ናት።»

«አንች ምን ታውቂያለሽ? ሠራተኛዋን ጠይቂያት።»

ጠየቅኩላት። ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ አራት ጣቶቿን አሳየቻት። እናቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ሌላ ጊዜ አውቶቡስ ላይ ያገኘችውን ሐበሻ ሁሉ «የማን ልጅ ነሽ?» ሳትል የማትወርድ ሴት፣ ያን ቀን ትኬታችንን ቆርጠን ስንመለስ ፊቷን ከአውቶቡሱ መስኮት ሳታነሣ ቤት ደረሰች። አውሮፕላኑን ፈርታ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ገብስ ትቆላ ጀመር። በሶ አዘጋጀች፣ ዳቦ ቆሎ ጠበሰች፣ ሻንጣው ለልብስ ቦታ እስኪያጣ ድረስ ሞላችው። እኔ ሳቄ መጣ።

«አውሮፕላኑ ላይ እኮ ምግብ ይሰጣሉ። ለአራት ሰዓት ይሄ ሁሉ ስንቅ?»

ከሥራዋ ቀና አላለችም። «ለእኛ አይደለም፣ ለእህቴ ነው። ስንወጣ ስንቁን ያዘጋጀችልን እሷ ናት። እናታችን መራመድ ስላቃታት እሷን ለመጦር ቀረች። እኔ የእሷን በሶ እየበላሁ ሱዳን ገባሁ።»

ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ሳቄን ዋጥ አድርጌ የእኔን ልብስ ከሻንጣው አወጣሁላት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሻንጣው አልበቃ ብሎ የተረፈውን ዳቦ ቆሎ በከረጢት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ያመጡላትን ምግብ አልነካችም። እኔ ፊልም ከፍቼ ተመለከትኩ። ፊልሙ አልቆ ጥቂት እንዳሸለብኩ፣ ልናርፍ ነውና ቀበቷችሁን እሰሩ ተባለ።

እጄን ያዘችኝ። «ምነው? ደረስን እንዴ?»

«ደረስን፣ እማ።»

ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን ሳየው እያለቀሰች ነበር። በሕይወቴ ሙሉ ከስልክ በኋላ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ይህኛው ልቅሶ ግን ሌላ ነበር። ከረጢቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«መንገዱ ይችን ያህል ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። «እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ሩቅ ነው እያልኩ ነው እህቴን ያስጠበቅኳት። አሁን ምን ብዬ ዓይኗን አየዋለሁ?»